የአክሲዮን ደላላ መሆን እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?

ቆጣሪው
ሰኞ፣ ማታ 3፡10

ሰላም ለሁላችሁም። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

27 ዓመቴ ነው። በአካውንቲንግ ዲግሪ አለኝ። አራት ዓመት ሙሉ አንድ የግል ባንክ መስኮት ላይ ተቀምጬ ብር ስቆጥር ኖሬያለሁ። ሥራው አላስከፋኝም። ግን እዚያው ወንበር ላይ እንዳላረጅ ፈራሁ። ጥር 2 ቀን 2017 የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ (የአክሲዮን መገበያያው) ሲከፈት በስልኬ እያየሁ ነበር። ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆነ። የዚያን ቀን «እኔም እዚህ ውስጥ ቦታ አለኝ» አልኩ።

አሁን ግን ግራ ገብቶኛል። አንዱ ጓደኛዬ «ሲኤፍኤ ሳትይዝ እንዳትሞክረው» ይለኛል፣ ዓለም አቀፍ የኢንቨስትመንት ተንታኞች የምስክር ወረቀት ነው። ሌላ ሰው ደግሞ 15 ሺህ ብር ክፈለኝና በሦስት ሳምንት ብሮከር አደርግሃለሁ ብሎኛል፣ ሰርተፊኬትም አለው አለ። እናቴ የሰማች ዕለት ያለችኝን ልንገራችሁ፦ «ደላላ እንድትሆን ነው ዩኒቨርሲቲ የላኩህ?»

ሙያውን የምታውቁ ካላችሁ አንድ በሉኝ። ምን ላንብብ? ሥራው በየቀኑ ምን ይመስላል? እንጀራ ያበላል?

ሳቂታው
ሰኞ፣ ማታ 3፡22

እናትህ ልክ ናቸው። ለማንኛውም ገርጂ አካባቢ ባለ ሁለት መኝታ የሚከራይ ካገኘህ ጻፍልኝ፣ ኮሚሽንህን አልነካም።

ሰነድ_አገላባጭ
ሰኞ፣ ማታ 4፡05

ወንድሜ፣ ሙያው ውስጥ ነኝ። የት እንደምሠራ አልናገርም፣ ግን የማውቀውን ልንገርህ።

በመጀመሪያ 15 ሺህህን ኪስህ ውስጥ አቆየው። ብሮከር የሚያደርግህ አሠልጣኝ አይደለም። ፈቃድ የሚሰጠው በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ነው። ሌላ ማንም «ሰርተፊኬት አለኝ» ቢልህ የግድግዳ ጌጥ ነው። ሥልጠና መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ሥልጠናን ፈቃድ አስመስሎ የሚሸጥልህን ሰው ሽሸው ነው የምልህ።

ሁለተኛ፣ «ደላላ ልሁን» ስትል ብቻህን ቢሮ ከፍተህ፣ ታፔላ ሰቅለህ የምትጀምረው አድርገህ አስበኸው ከሆነ አይደለም። ፈቃዱን የሚይዘው ድርጅት ነው። ድርጅቱ ካፒታል፣ ሥርዓት፣ የቁጥጥር ሰው፣ ኮምፒውተርና መዝገብ ሊኖረው ይገባል። አንተ የምትገባው እሱ ውስጥ ተቀጥረህ ነው። ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ «እንዴት ደላላ ልሁን» ሳይሆን «ፈቃድ ያለው ቤት እኔን ለምን ይቀጥረኛል» ነው። ሲቢኢ ካፒታልና ወጋገን ካፒታል መጀመሪያ ፈቃድ ካገኙት የኢንቨስትመንት ባንኮች (ድርጅቶች አክሲዮን ሸጠው ካፒታል እንዲያሰባስቡ የሚረዱ) ናቸው፤ ከነሱ በኋላ የመጡም አሉ። የባለሥልጣኑ ድረ ገጽ ላይ ዝርዝሩን ታገኛለህ። መመሪያዎቹም እዚያው አሉ፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም። እንቅልፍ ያመጣሉ፣ አውቃለሁ። ግን ቃለ መጠይቅ ላይ መመሪያውን አንብቦ የመጣና ዩቲዩብ አይቶ የመጣ ሰው ከሁለት ጥያቄ በኋላ ይለያሉ።

ሦስተኛ፣ ሥራው። ሰዉ ደላላ ማለት «ነገ ዋጋው ይወጣል፣ ይወርዳል» ብሎ የሚተነብይ ይመስለዋል። የእኔ ቀን እንዲህ ነው፦ ደንበኛ ይመጣል፣ ማንነቱን አጣራለሁ፣ ገንዘቡ ከየት እንደመጣ እጠይቃለሁ፣ ምን ያህል ኪሳራ መቻል እንደሚችል እጠይቃለሁ። ከዚያ ትእዛዙን እቀበላለሁ፦ ምን ይገዛል፣ ስንት፣ በስንት ዋጋ፣ እስከ መቼ። እመዘግባለሁ። አስገባለሁ። ተፈጸመ አልተፈጸመ አሳውቃለሁ። የደንበኛ ብር ከድርጅቱ ብር ጋር እንዳይደባለቅ ይጠበቃል። ማታ ላይ ቁጥር ከቁጥር ይመሳከራል። አንተ አራት ዓመት ካዝና ዘግተሃል። አምስት ብር ጎድሎ እስከ ማታ ሁለት ሰዓት የተቀመጥክበትን ቀን ታስታውሰዋለህ? ያ ልምድ ከሲኤፍኤ በፊት የሚፈለግ ነው።

ሲኤፍኤ ጥሩ ነው። ግን ሦስት ደረጃ አለው፣ የመጀመሪያው ደረጃ ብቻ 180 ጥያቄ ነው፣ ዋጋውም በዶላር ነው። የበለጠ የሚጠቅመው ድርጅት ለሚመረምርና የሰው ገንዘብ ለሚያስተዳድር ነው። ለጀማሪ ደላላ ግዴታ አይደለም። ገብተህ ከሠራህ በኋላ መሥሪያ ቤትህ ሲከፍልልህ ያምርብሃል።

የቤት ሥራ ልስጥህ። የኢትዮ ቴሌኮምን የደንበኛ ሳቢ መግለጫ (ፕሮስፔክተስ፣ አክሲዮን ሲሸጥ ስለ ድርጅቱ ለገዢው የሚቀርብ ሰነድ) ፈልግና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብበው። ስለ ስጋት የሚናገረውን ክፍል ሁለቴ አንብበው። ከዚያ እናትህ በሚገባት አማርኛ በአንድ ገጽ ጻፈውና እዚህ ለጥፈው።

ትሬደር_ኪንግ
ሰኞ፣ ማታ 4፡31

ብሮ ምን ያደክምሃል በዚህ ሁሉ ወረቀት? እኔ በስልኬ ብቻ ቁጭ ብዬ በቀን 50 ዶላር እሠራለሁ። ፎሬክስ ግባ፣ የውጭ ምንዛሪ ንግድ። መቼ ግዛ፣ መቼ ሽጥ የሚል ሲግናል የምሰጥበት ግሩፕ አለኝ፣ የመጀመሪያው ሳምንት ነፃ ነው።

ሰነድ_አገላባጭ
ሰኞ፣ ማታ 4፡36

በቀን 50 ዶላር ከሠራህ ሲግናል መሸጥ ለምን አስፈለገህ?

ሳቂታው
ሰኞ፣ ማታ 4፡37

ኪንጉ ከዙፋን ወረደ።

ጃኬት_ለባሽ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡20

ይህን ጽሑፍ ሳይ የድሮው ትዝ አለኝና ልጻፍ አልኩ።

እኔ ምርት ገበያ ወለል ላይ ነበርኩ። ሚያዝያ 2000 ሥራ ሲጀመር አልነበርኩም፣ ከዓመት በኋላ ነው የገባሁት። ገዢና ሻጭ በጃኬት ቀለም እንለያለን። መሐል ላይ ቆመን እንጮሃለን። ዋጋ በፈረሱላ ነው የሚጠራው፣ 17 ኪሎ። ሻጩ ይጠራል፣ አንተ ትጠራለህ፣ ትቀራረባላችሁ፣ ከዚያ እጅ ለእጅ ትማታላችሁ። ጠፍ! አለቀ። ከዚያ ወዲያ «ቆይ፣ ተሳስቼ ነው» የለም።

አንድ ቀን ሐዋሳ መጋዘን ያለ ቡና መስሎኝ እጅ መታሁ። ዲላ ሆኖ ተገኘ። ወረቀቱን ዞር ብዬ ሳይ ጆሮዬ ጋለ። ደንበኛዬ የሚያስበው ቡናውን ሐዋሳ ድረስ መኪና ልኮ ሊያስጭን ነበር። ከዚያ በላይ ያለውን ኪሎ ሜትር ማን ይከፍላል? እኔ ከፈልኩ። የወር ደሞዜ ግማሽ ሄደ። አለቃዬ አልተቆጣኝም። «መጋዘኑን ሳታይ እጅህን አታንሳ» ብቻ አለኝ። በኋላ ሁሉም ወደ ኮምፒውተር ዞረ፣ ጩኸቱም ጠፋ። እኔ ግን እስከ ዛሬ ማንኛውንም ነገር ከመፈረሜ በፊት «መጋዘኑ የት ነው» እላለሁ፣ የቤት ኪራይ ውል ላይ እንኳ።

ልጄ፣ ለአንተ የምለው ይህ ነው፦ ፍጥነት አትለማመድ። ፍጥነቱ ራሱ ይመጣል። ትእዛዙን መልሶ ማንበብ ተለማመድ።

ሲልቨር_ስፕሪንግ
ማክሰኞ፣ ከሰዓት 10፡40

ጋሼ ጃኬት፣ ያሉትን እኔ በስልክ ነው የተማርኩት። እኔም ልጨምር።

ሜሪላንድ ነኝ። በዲቪ ከመጣሁ በኋላ ሁለት ዓመት ዲሲ ውስጥ ፓርኪንግ ሠርቻለሁ። ማታ ማታ እዚያችው የቲኬት ቤት ውስጥ ነው ያጠናሁት። እዚህ አገር መንገዱ የታወቀ ነው። ደላላዎችን የሚቆጣጠረው ፊንራ የሚባል አካል አለ። የመጀመሪያው ፈተና ኤስአይኢ ይባላል። 18 ዓመት የሞላው ማንኛውም ሰው፣ ቀጣሪ ሳይኖረው፣ ራሱ ተመዝግቦ መውሰድ ይችላል። 75 ጥያቄ፣ 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ፣ ማለፊያው 70። ውጤቱ አራት ዓመት ያገለግላል። ሁለተኛው ሲሪዝ 7 ነው። እሱን ብቻህን አትወስደውም፣ ቀጣሪ ድርጅት ማቅረብ አለበት። 125 ጥያቄ፣ 3 ሰዓት ከ45 ደቂቃ፣ ማለፊያው 72። አብዛኛው ክልል ደግሞ በላዩ ላይ ሲሪዝ 63 ይጠይቃል። ከወደቅህ 30 ቀን ትጠብቃለህ። ሦስተኛ ከወደቅህ 180 ቀን። የጣት አሻራ ትሰጣለህ። ሥራ ከጀመርክ በኋላ ስምህን ማንም ሰው ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ ክስ እንዳለብህ፣ ከሥራ መባረርህን ማየት ይችላል። መጀመሪያ ስሰማ አስፈርቶኝ ነበር። አሁን ደስ ይለኛል።

እኔ ሲሪዝ 7ን መጀመሪያ ወድቄያለሁ። በ68። ኦፕሽን (አክሲዮንን በተወሰነ ዋጋ የመግዛት ወይም የመሸጥ መብት የሚሰጥ ውል) የሚባለው ክፍል ጨረሰኝ። 30 ቀኑን በሙሉ ፍሪጅ ላይ ሠንጠረዥ ለጥፌ፣ ሽንኩርት ስከትፍ እያየሁት አጠናሁ። ዛሬም ዶሮ ወጥ ስሠራ ኦፕሽን ትዝ ይለኛል።

አሁን ዋናው። የተመደብኩት ስልክ ላይ ነው። ንግግሩ ሁሉ ይቀዳል። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ሽማግሌ ደወሉና የአንድ ድርጅት አክሲዮን ግዢልኝ አሉ። እኔ «ፊፍቲ» ሰማሁ፣ 50። ሰውየው ያሉት «ፊፍቲን»፣ 15 ነው። እንግሊዝኛ የሚናገር ሐበሻ ሁሉ ይህን ያውቀዋል፣ መጨረሻዋ ላይ ያለችው «ን» ነች ጉዷ። መልሼ አላነበብኩላቸውም። ቸኮልኩ፣ ሌላ ስልክ ይጠብቅ ነበር። ማረጋገጫው ሲደርሳቸው ደወሉ። ቅጂው ተሰማ። ስህተቱ የእኔ ነበር። በስህተት በብልጫ የተገዛውን 35 አክሲዮን ድርጅቱ ወስዶ ሸጠው፣ በትንሽ ኪሳራ። አልተባረርኩም። ግን ተጻፈብኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁጥር የማነበው እንዲህ ነው፦ «አንድ፣ አምስት፤ አሥራ አምስት። ልክ ነው?» ደንበኛው ይሰለቻል። ይሰልች።

ቆጣሪው፣ አንድ ነገር ብቻ አስምርልህ። እዚህ ሥራ ላይ ከሁሉም የሚከብደው ዝም ማለት ነው። ዘመድ ይደውላል፣ ቤተ ክርስቲያን ያገኘሁት ሰው ይጠይቀኛል፦ «ምን ልግዛ?» የእኔ ፈቃድና ሥራ የሚፈቅድልኝን እና የማይፈቅድልኝን ማወቅ አለብኝ። ሰውየውን፣ ገቢውን፣ ዕዳውን፣ ዕድሜውን ሳላውቅ «ይህን ግዛ» ማለት አልችልም። ብዙ ሰው ተቀይሞኛል። «አወቅሽና ደበቅሽ» ተብያለሁ።

ሌላው ቅሬታዬን እግረ መንገዴን ልናገር። የኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን ሲሸጥ ዜግነት ስለቀየርኩ አልቻልኩም፣ ለኢትዮጵያውያን ዜጎች ብቻ ነበር። እህቴ ገዛች፣ እኔ ፎቶውን አየሁ።

ቆጣሪው
ማክሰኞ፣ ማታ 2፡50

እህቴ፣ ጋሼ፣ ሁላችሁም አመሰግናለሁ። ፊፍቲንና ፊፍቲ ገደለኝ። እኛ ጋ ደግሞ ስድሳና ሰባ በስልክ ይምታታል።

የቴሌኮሙን መግለጫ ጀምሬዋለሁ። እስካሁን የያዝኩት፦ የቀረበው 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ የአንዱ ዋጋ 300 ብር፣ ትንሹ 33 አክሲዮን ማለትም 9,900 ብር፣ ትልቁ 3,333 አክሲዮን ማለትም 999,900 ብር። ከአንድ ሚሊዮን ብር በታች እንዲሆን ሆን ተብሎ የተሠራ ይመስላል። የተሸጠው ግን 10.7 ሚሊዮን አካባቢ ነው፣ 3.2 ቢሊዮን ብር፣ ከ47 ሺህ በላይ ገዢ። ከቀረበው አንድ አሥረኛው ገደማ ማለት ነው።

ስለ ደላላ ገቢ የጠየቅኩትን ግን ማንም አልመለሰልኝም።

ሰነድ_አገላባጭ
ማክሰኞ፣ ማታ 3፡30

እሺ እንቁጠረው፣ ቆጣሪ ነህ አይደል።

አንድ ደንበኛ 33 አክሲዮኑን ሊሸጥ መጣ እንበል፣ በዚያው በ300። 9,900 ብር። ኮሚሽኑ ለምሳሌ 1 በመቶ ቢሆን 99 ብር ነው። 1 በመቶ ያልኩት ለሒሳብ እንዲመች ነው፣ እንደ ተመን እንዳትይዘው። በወር 30 ሺህ ብር ኮሚሽን ለማስገባት 303 እንዲህ ያሉ ትእዛዞች ያስፈልጉሃል። በወር 22 የሥራ ቀን ካለ በቀን 14 ማለት ነው። እሱም ሙሉው ለአንተ ሳይሆን ለድርጅቱ ነው። አሁን ገበያው ላይ በቀን 14 ሰው ወደ አንተ ብቻ ይመጣል? የተመዘገቡት ድርጅቶች ገና ጥቂት ናቸው። ከወጋገን ቀጥሎ ገዳ ባንክ ገባ፣ ሌሎችም በመንገድ ላይ ናቸው። ግን ጣትህ ይበቃሃል።

ስለዚህ በኮሚሽን ብቻ የሚቀጥርህን ቤት እምቢ በል፣ ለአሁኑ። ደሞዝ ያለው ጀማሪ ቦታ ፈልግ። ሰነድ የሚያዘጋጅ፣ ደንበኛ የሚመዘግብ፣ የሚያመሳክር። ከባንክህ ደሞዝ ብዙ ላይበልጥ ይችላል። ሀብታም ለመሆን ከሆነ አትምጣ። ገበያው ገና ልጅ ነው፣ አብሬው ልደግ ካልክ ና።

አሜሪካ እንኳ በ2019 ትልልቆቹ ድርጅቶች የአክሲዮን ኮሚሽን ዜሮ አድርገዋል። እህታችን የምትነግርህ ይመስለኛል፣ እዚያም ደላላ የሚኖረው በኮሚሽን ብቻ አይደለም።

ሲልቨር_ስፕሪንግ
ማክሰኞ፣ ማታ 5፡15

እውነት ነው። የእኔ ደሞዝ ነው። ኮሚሽን አላውቅም።

ያልተመለሰልኝ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡00

ሁላችሁም ደስ ትላላችሁ። እኔ ግን ደላላ ሲባል ሆዴ ይታወካል።

ከአሥር ዓመት በፊት ነው። አንድ «በምሥረታ ላይ ያለ» አክሲዮን ማኅበር አክሲዮን ሸጠልኝ። ሻጩ ልጅ ሱፍ ለብሷል፣ ቦርሳው ውስጥ ባለ ቀለም ወረቀት አለ። ፋብሪካው ሥዕል ላይ ቆሟል። ሻይ ጋበዘኝ። 20 ሺህ ብር ከፈልኩ። ደረሰኝ ተሰጠኝ። ምሥረታው አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ አራት ዓመት። ቢሮው ሌላ ሕንፃ ሄደ። ከዚያ ስልኩ «ደንበኛችን አሁን ማግኘት አይችሉም» ሆነ። ደረሰኙ ዛሬም የልብስ ሳጥኔ ሥር አለ።

የዚያ ልጅ ፊት እስከ ዛሬ አልጠፋኝም። ምናልባት እሱም አላወቀም ይሆናል። ኮሚሽን ነበረው። አንተ ከእሱ በምን ትለያለህ? ከልቤ ነው የምጠይቅህ።

ቆጣሪው
ረቡዕ፣ ከሰዓት 7፡10

ጋሼ ይሁኑ እህቴ አላወቅሁም፣ ይቅርታ። መልስ የለኝም። ምሳ ሰዓት ላይ ሆኜ ሦስት ጊዜ ጽፌ አጠፋሁት።

ጋሽ_መዝገብ
ረቡዕ፣ ማታ 1፡45

ልጆች፣ እኔ ዕድሜዬ ገፍቷል። በንጉሡ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ አክሲዮን ይገበያይ እንደነበር ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? በብሔራዊ ባንክ ሥር ነበር፣ ትንሽ ስብስብ ናት። አባቴ ጥቂት አክሲዮን ነበራቸው። ወረቀቱ ወፍራም፣ ዳርና ዳሩ ጌጥ ያለው፣ ለክብር የሚቀመጥ ዓይነት። ጥር 1967 ድርጅቶቹ ሲወረሱ ያ ወረቀት ወረቀት ሆኖ ቀረ። አባቴ አልጣሉትም። ከጋብቻ ወረቀታቸው ጋር አስቀመጡት።

ይህን የምነግራችሁ ላስፈራ አይደለም። ያልተመለሰልህ፣ የአንተ ደረሰኝና የአባቴ ወረቀት አንድ አይደሉም። የአባቴን መንግሥት ወሰደው፣ ማንም ደላላ ሊያስቀረው አይችልም ነበር። የአንተን ግን አንድ ሰው «ይህ ነገር ተመዝግቧል ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ ይተርፍ ነበር። ያንን የሚጠይቅ ሰው ነው ደላላ መባል ያለበት።

ሰነድ_አገላባጭ
ረቡዕ፣ ማታ 2፡20

ጋሽ መዝገብ እጅ ነስቻለሁ።

ለያልተመለሰልኝ አንድ ነገር ልጨምር። አሁን በሕግ አንድ ድርጅት ለሕዝብ አክሲዮን ከማቅረቡ በፊት የደንበኛ ሳቢ መግለጫውን ባለሥልጣኑ ዘንድ ማስመዝገብና ማጸደቅ አለበት። ያ ማለት ጥሩ ድርጅት ነው ማለት አይደለም። እውነቱን እንዲናገር፣ ስጋቱን እንዳይደብቅ ሕግ ያስገድደዋል ማለት ነው። ቆጣሪው፣ የሚለያችሁ ይኸው ነው። ያ ልጅ የሚያሳየው ሥዕል ነበረው። አንተ የምታሳየው የስጋት ገጽ አለህ። ደንበኛ የስጋቱን ገጽ ካየ በኋላ ተነሥቶ ቢሄድብህ ሥራህን ሠርተሃል። ኮሚሽን ግን አልሠራህም። ይህ እንዲያናድድህ ጠብቅ፣ ያናድዳል።

አሁን ሒሳብ። ባንክ ትሠራለህ፣ አብዛኛው ደንበኛህም የባንክ አክሲዮን ይዞ ነው የሚመጣ። ስለዚህ ይህን ተለማመድ። ቁጥሮቹን ፈጥሬያቸዋለሁ።

አንድ ባንክ ዓመቱን በ4 ቢሊዮን ብር ካፒታል ጀመረ፣ በ6 ቢሊዮን ጨረሰ። ብሔራዊ ባንክ ትንሹን ካፒታል 5 ቢሊዮን ስላደረገው ሁሉም አዲስ አክሲዮን ሲሸጡ ነው የከረሙት። ትርፉ ከግብር በኋላ 1.2 ቢሊዮን። ሪፖርቱ ላይ «በአንድ አክሲዮን 240 ብር» ይላል፣ የ1,000 ብር አክሲዮን ላይ፣ ምክንያቱም አማካዩን 5 ቢሊዮን ይዞ ነው የሚያካፍለው። ሰዉ ሻይ ቤት ሄዶ «24 ፐርሰንት ሰጠ!» ይላል። አልሰጠም። በሕጉ ከትርፉ 25 በመቶው መጀመሪያ ወደ ሕጋዊ መጠባበቂያ ይሄዳል። 900 ሚሊዮን ቀረ። በሚቀጥለው ዓመት ያው ትርፍ ቢገኝ ያ ገንዘብ ለ6 ቢሊዮን ነው የሚከፋፈለው። 150 ብር። አንድ ሰው ያንን የ1,000 ብር አክሲዮን በ1,400 ሊገዛ ቢመጣ ለገንዘቡ የሚያገኘው 11 በመቶ እንኳ አይሞላም። ከ24 እስከ 11 ያለውን መንገድ ለደንበኛህ በሦስት ደቂቃ ማስረዳት ከቻልክ እኔ ራሴ አስቀጥርሃለሁ።

ሳቂታው
ረቡዕ፣ ማታ 2፡41

ሻይ ቤት 24 ያልኩት እኮ እኔ ነኝ። በስሜ ጥራኝ እንጂ።

ጃኬት_ለባሽ
ረቡዕ፣ ማታ 3፡02

አንድ የረሳችሁት ነገር። የደንበኛን ትእዛዝ አይቶ ቀድሞ ለራስ መግዛት። ወለል ላይ ያየሁት በሽታ ይህ ነው። ደንበኛህ ብዙ ሊገዛ መሆኑን ታውቃለህ፣ ዋጋው እንደሚወጣ ታውቃለህ፣ እጅህ ይበላሃል። በወንድምህ ስም፣ በሚስትህ ስም። ስርቆት ነው። የገበያው ልጅነት ደግሞ ያባብሰዋል፣ ጥቂት ሰው ስለሚገበያይ አንድ ትልቅ ትእዛዝ ዋጋ ያናውጣል። ከመግባትህ በፊት ቤተሰብህን ቁጭ አድርገህ ንገራቸው፦ ከእኔ ወሬ አትጠብቁ።

ቆጣሪው
ከአምስት ወር በኋላ፣ እሑድ፣ ማታ 1፡30

ሰላም ቤተሰብ። ይህን ጽሑፍ ያስነሣሁት አንዳንዶቻችሁ «ምን ደረስክ» እያላችሁ በውስጥ ስለጠየቃችሁኝ ነው።

15 ሺህውን አልከፈልኩም። የቴሌኮሙን ገጽ ለጥፌ ነበር፣ ሰነድ_አገላባጭ በቀይ አረመልኝ፣ ከጻፍኩት ግማሹ ቀይ ሆነ። ከዚያ በኋላ የአራት ባንኮችን ዓመታዊ ሪፖርት በዚያው ሒሳብ አወጣሁ። ደብተር ሞላ። ሦስት ቦታ አመለከትኩ። ሁለቱ አልመለሱልኝም። አንዱ ጠራኝ። ቃለ መጠይቁ ላይ ሴትየዋ አንድ ወረቀት ሰጠችኝና «ይህን ለአንዲት ቡና ነጋዴ አስረዳቸው፣ እኔ ነጋዴዋ ነኝ» አለችኝ። ልቤ ቆመ። ጀመርኩ። መሐል ላይ ቆም አልኩና «እትዬ፣ ይህ ገንዘብ መቼ ያስፈልግዎታል?» ብዬ ጠየቅኳት። ሳቀች። «ይህን ጥያቄ እስኪጠይቀኝ ሰው ስጠብቅ ነበር» አለች።

ከሰኞ ጀምሮ ደንበኛ መመዝገብ ላይ እገባለሁ። ትእዛዝ መቀበል አይደለም፣ ገና ነው። ደሞዙ ከባንኩ በትንሹ ይበልጣል። በጣም በትንሹ።

ያልተመለሰልኝ፣ ለጥያቄህ አሁንም ሙሉ መልስ የለኝም። የስጋት ገጹን ግን አሳትሜ ቦርሳዬ ውስጥ ይዣለሁ።

ያልተመለሰልኝ
እሑድ፣ ማታ 2፡05

እንኳን ደስ ያለህ። አንድ ቀን ደረሰኜን ይዤ እመጣለሁ፣ ለሳቅም ቢሆን ታየዋለህ።

ሲልቨር_ስፕሪንግ
እሑድ፣ ማታ 4፡50

ወንድሜ እልል! እናትህስ ምን አሉ?

ቆጣሪው
እሑድ፣ ማታ 5፡10

ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ ካፒታል ገበያ ገባ» ብላለች፣ ደላላ የሚለው ቃል ጠፍቷል። ዛሬ ምሳ ላይ ከአባቴ የቀሩትን የባንክ አክሲዮኖች አመጣችና «ልሽጣቸው ወይስ ላቆያቸው?» አለችኝ። «እማዬ፣ ገና አልተፈቀደልኝም፣ ልነግርሽ አልችልም» አልኳት።

ሳቂታው
እሑድ፣ ማታ 5፡12

ታዲያ?

ቆጣሪው
እሑድ፣ ማታ 5፡14

ሥጋውን ወደ ወንድሜ ሳህን ገፋችው።